ለአንድ ጣት ሦስት ምላጭ

ካርቱም፣ ዴም ሠፈር፣ ሰይፈሚካኤል የሚባል የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበር። እኔ ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ውስጥ ከእሱ ክፍል ጎን ተከራይቼ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለነበር የሞረዱን ድምፅ ከሰዓቴ ይልቅ አምነው ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው ያቆማል፤ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ እንደገና ይሰማል።

ሱዳኖቹ «ኡስጣ ሰይፍ» ይሉታል፤ ኡስጣ ማለት በእነሱ አባባል የእጅ ባለሙያ ነው። እኛ ሰይፉ እንለዋለን። በዚያን ጊዜ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ቀጭን ነው፤ የመነጽሩ እጀታ ስለተሰበረ በክር አስሮ ጆሮው ላይ ያንጠለጥለዋል። ሚስት አላገባም፤ ልጅ የለውም። የስፌት መኪና፣ የበር ቁልፍ፣ የሥጋ ቤት ሚዛን፣ የተሰበረ ብረት ሁሉ ይጠግናል። ጠመንጃ ግን አይነካም። አንድ ጊዜ የአንድ ነጋዴ ዘበኛ ሽጉጥ በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶለት፣ «ይህን ሥራ አላውቀውም» ብሎ በትሕትና መለሰው።

ውሸቱን ነበር። በወጣትነቱ ጫካ ውስጥ የአንድ ሙሉ የሽምቅ ጓድ ጠመንጃ የሚጠግነው እሱ ነበር። ይህን ግን ዴም ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዘመናይ ወደ ሱቁ መጣች። ዘመናይ የደብረ ታቦር ሰው ናት፤ ከቤተ ክርስቲያን እንተዋወቃለን። ካርቱም ከመጣች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን የኖረችው ከድልድዩ ማዶ ካፉሪ በሚባል ሠፈር፣ ሐጂ ባቢከር የሚባሉ ጡረተኛ መሬት ቀያሽ ቤት ነው። ቤቱን ትይዛለች፤ ሐጂን ታስታምማለች። የዕረፍት ቀኗ ዓርብ ነው። እኔ በሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

«ጋሼ ሰይፉ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ መጥቼ ነበር» አለች።

«ምንድን ነው?»

«የሐጂ ጠመንጃ ምላጩ ወድቋል። ሌላ ይሥሩልኝ።»

ሰይፉ ከሚሞርደው ብረት ላይ ቀና አላለም። «ጠመንጃ አልሠራም። ታውቂ የለም እንዴ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ለመተኮስ አይደለም፤ ለጣታቸው ነው።»

ሞረዱ ቆመ። ዘመናይ እዚያው ቆማ ነገረችው። ከስድስት ወር በፊት ሐጂን ደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸው ሰንፏል። እግራቸው በዱላ ወደ መራመዱ ደርሷል፤ ቀኝ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተቀምጧል። ሐኪሙ በቀን መቶ ጊዜ ይጨምቁት ብሎ የላስቲክ ኳስ ሰጣቸው። ሐጂ ኳሱን አይተው፣ «ይሄ የሕፃን መጫወቻ ነው» ብለው በግራ እጃቸው ወደ አትክልቱ ወረወሩት። ሦስት ኳስ እንዲሁ ጠፋ።

«ባለፈው እሑድ ግን» አለች ዘመናይ፣ «ከግድግዳው ላይ የአያታቸውን ጠመንጃ አቧራ ልጠርግ አውርጄ ነበር። ያ ባሩዱን በአፉ የሚጎርሰው፣ የድሮው። አንድ አፍታ ጨርቅ ላምጣ ብዬ ጭናቸው ላይ አጋደምኩት። ስመለስ ያ የሞተው እጅ ተነሥቷል። በራሱ ነው የሄደው። ሌባ ጣታቸው ምላጩ የነበረበትን ቀዳዳ ፈልጎ አገኘና እጥፍ አለ። ባዶ ነው፤ የሚስበው ነገር የለም። ግን ታጠፈ ጋሼ፤ በዓይኔ አየሁ።»

ሰይፉ የብረቱን ፍርፋሪ በእጁ ጠረገ። ከዚያ፣ «አይሆንልኝም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

እሷም አልለመነችውም። «እሺ ጋሼ፣ ይቅር» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መኪና መቆሚያው ሄደች።

እሱ ሥራውን ቀጠለ፤ ግን አንዱን ብረት ሁለት ጊዜ አበላሸ። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰይፉ በ1969 የቴክኒክ ተማሪ ነበር። እንደ ዕድሜ እኩዮቹ ሁሉ ከተማ መኖር ሲያቅተው ወደ ጫካ ገባ። ሞረድ መያዝ ስለሚያውቅ የጠመንጃ ጥገና ላይ ተመደበ። ጸጋዬ የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ አንድ ብርድ ልብስ የሚጋሩ። አንድ ቀን ጸጋዬ፣ «ይሄ ምላጭ ደንድኖብኛል፣ አላላልኝ» አለው። ሰይፉ ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ በእጁ የሚኮራ ነው። ምላጩ ሲሳብ መዶሻውን የሚለቀውን ትንሽ ጥርስ ሞርዶ ሞርዶ እንደ ቅቤ አለሰለሰው። ጸጋዬም ደስ አለው።

በሦስተኛው ቀን ገደል ሲወርዱ ጠመንጃው ከትከሻው ተንሸራትቶ ሰደፉ ድንጋይ መታ፤ ማንም ሳይነካው ተኮሰ። ሆዱን ነው ያገኘው። እስከ ማታ ቆየ። የጓዱ መሪ መጥቶ እንዴት እንደሆነ ሲጠይቀው፣ «በራሴ ጣት ነው የሳብኩት፤ የማንም ጥፋት የለበትም» ብሎ መለሰ። ሰይፉ ግን ከበላዩ ሆኖ ሲወርድ አይቶት ነበር። የጸጋዬ ሁለት እጆች የዛፍ ሥር ጨብጠው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰይፉ ሱዳን ገባ። ይህን ለእኔ የነገረኝ አንድ የጥምቀት ዕለት ነው፤ ያን ቀን ብቻ።

ዘመናይ በመጣች ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ሱቁ ሳይከፈት ቀረ። በግድግዳው በኩል ስሰማ የዕቃ መያዣውን ይጎረጉራል። ወጥቶ አየኝና፣ «ካፉሪ የሚሄደው ሀፍላ ከየት ነው የሚነሣው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሀፍላ የሚሉት አውቶቡሱን ነው። አርባ ዓመት የኖረበትን ከተማ መንገድ ያውቀዋል፤ የጠየቀኝ መሄዱን እንዳውቅለት ፈልጎ ይመስለኛል።

ሐጂ ባቢከር በረንዳ ላይ፣ ሰፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር ያገኛቸው። ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፤ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። አንደበታቸው ትንሽ ይጎተታል እንጂ አእምሯቸው ንቁ ነው።

«ይሄ ማነው?» አሉ በዓረብኛ።

«ምላጭ የሚሠራው ኡስጣ ነው ሐጂ» አለች ዘመናይ። ማዕድ ቤት ሆና ሲመጣ ስታየው እጇ ላይ የነበረውን ሰሐን ማስቀመጥ እንደረሳች በኋላ ነግራኛለች።

«ምላጭ ይሠራልኝ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች።

ሐጂ ሰይፉን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት። «ሠላሳ ዓመት የዚህን አገር መሬት የለካሁት በዚህ እጄ ነው» አሉ፣ በግራቸው ቀኙን እየነኩ። «የመለኪያውን ብሎን በፀጉር ስፋት አዞር ነበር። አሁን ይህች ልጅ ኳስ ጭመቅ ትለኛለች።»

«እኔ ኳስ አልያዝኩም ሐጂ» አለ ሰይፉ።

ሽማግሌው ፈገግ ከማለት ራሳቸውን ያዙ።

ጠመንጃው ረጅም ነው፤ ቁመቱ ወደ ሰው ደረት ይደርሳል። እንጨቱ በሦስት የነሐስ ቀለበት ከብረቱ ጋር ታስሯል። የሐጂ አያት ኮርዶፋን ላይ ሚዳቋ ያድኑበት ነበር። ምላጩ ድሮ ተሰብሮ የመንደር ቀጥቃጭ የታጠፈ ሚስማር ተክቶበት ነበር፤ ሚስማሩም በጊዜው ወድቆ ጠፍቷል። ሰይፉ መሣሪያውን በሁለት እጁ ቀስ ብሎ ተቀበለ። ከሁሉ በፊት ከሥሩ የተሰካውን ባሩድ መጠቅጠቂያ ቀጭን ዘንግ መዞ በአፈሙዙ ውስጥ ከተተው። እስከሚቆም ድረስ ለቀቀው፤ በጥፍሩ ምልክት ያዘበት። ከዚያ አውጥቶ በውጭ በኩል ከብረቱ ጋር አስተያየው።

ከውስጥ በኩል አራት ጣት ይጎድላል።

«ዘመናይ» አለ በአማርኛ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ሐጂን ወደ ውስጥ አስገቢያቸው። እሳት ካለ አጥፊ። ጠመንጃው ባሩድ እንደጎረሰ ነው።»

የሐጂ ልጅ ጦይባ ከውስጥ ወጣች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ዘመናይ ስታስረዳት በሩን ተደግፋ ቆመች። «አልጋዬ ይህ ጠመንጃ ከሚሰቀልበት ግድግዳ ሥር ነው» አለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ።»

ሐጂ ግን አልገባም አሉ። ሰይፉ አፈሙዙን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ በትንሿ የእሳት ቀዳዳና በአፉ በኩል ውኃ ሞላው፤ ባሩዱ እስኪረጥብ ሁለት ሰዓት ተጠበቀ። ከዚያ በዘንጉ ጫፍ ብሎን አስሮ ጉርሻውን እየበሳ ጎትቶ አወጣ። መጀመሪያ የጠቆረ የጨርቅ ቁራጭ፣ ቀጥሎ እንደ ሽምብራ የተድቦለቦለች አረር፣ በመጨረሻም ጥቁር ጭቃ የመሰለ ባሩድ ወጣ።

ሐጂ አረሯን በግራ መዳፋቸው ተቀብለው አገላበጧት። ቆይተው፣ «አያቴ የሞቱት ለአደን በተሰናዱበት ማለዳ ነው» አሉ። «ለሰላት ውዱእ ታጥበው፣ ጠመንጃውን አጉርሰው፣ ጫማቸውን ሊያጠልቁ ቁጭ እንዳሉ ነው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የባሩዱን ቀንድ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ይህን የጠቀጠቁት ከእኔ ጋር ነው።» እንባቸው በቀኝ ጉንጫቸው በኩል ሲወርድ አልታወቃቸውም፤ ዘመናይ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው።

ሰይፉ ያን ቀን የእሳቱን ቀዳዳ በብረት ደፈነው። «ከእንግዲህ ይህ ጠመንጃ አይተኩስም» ብሎ ለጦይባ አሳያት። እሷም በጣቷ ነክታ አረጋገጠች። መዶሻው ያለበትን የጎን ብረት ብቻ ፈቶ፣ ዘመናይ በሰጠችው የምሳ ዕቃ ውስጥ ከትቶ ተነሣ።

የዚያን ሰሞን ካርቱም ሰላማዊ ሰልፍ በሰልፍ ነበረች፤ ድልድዮቹ ላይ ወታደር ቆሟል። ኩብሪ በሚሉት ድልድይ ላይ ሀፍላውን አስቁመው ሲፈትሹ አንድ ልጅ እግር ወታደር የምሳ ዕቃውን ከፈተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሰይፉ በዘይት የጠቆረ እጁን ዘርግቶ አሳየው። «እኔ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ።»

ወታደሩ እጁን አየ፣ ብረቱን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእናቴ መኪና ክር እየዘለለ አስቸግሯታል። ከምንድን ነው?» አለው።

«መርፌዋን ገልብጣ ከታው ይሆናል። ጠፍጣፋው ጎኑ ወዴት እንደሚዞር ከመጽሐፉ ላይ ታይ።»

«እነግራታለሁ ኢንሻአላህ» ብሎ የምሳ ዕቃውን ከድኖ መለሰለት።

ያን ሳምንት የሞረዱ ድምፅ በቀትርም አልቆመም። ሰይፉ ከተጣለ የስፌት መኪና ላይ የእግሩን ማንሻ ብረት ቆርጦ ነው ምላጩን የሠራው። ያሰበው እንዲህ ነበር፦ የሚይዘውን ጥርስ አልነካም፤ ጥርሱ እንዳለ ይሁን፤ ይልቅ ምላጩን ረጅምና ሰፊ ላድርገው፤ ሲረዝም ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል። እንደ ሾርባ ማንኪያ ሰፋ ያለ፣ አራት ጣት አንድ ላይ የሚይዘው ነገር ሠራ። በከሰል እሳት አግሎ ዘይት ውስጥ ሲያጠልቀው ግቢው ሁሉ ሸተተ። የምላጩን ጠባቂ ቀለበት ማውለቅ ነበረበት፤ ምላጩ በእሱ ውስጥ አያልፍም።

ካፉሪ ወስዶ ሲገጥመው ሐጂ አይተው፣ «ይሄ ምላጭ ነው ወይስ የውኃ ባንቧ እጀታ?» አሉ።

«ለጊዜው ነው ሐጂ።»

መዶሻውን ዘመናይ ትስባለች፤ ሐጂ ምላጩን ይጎትታሉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሆነ፤ አልተንቀሳቀሰም። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት የሰይፉ ስልክ ጮኸ። እኔም እዚያው ነበርኩ። አንሥቶ፣ «አቤት» ቢል የሚመልስለት የለም። ከሩቅ የወፍ ድምፅና የአንድ ሽማግሌ ከባድ ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ፣ ቀጭ።

«ሰሙት?» አለች ዘመናይ።

«ሰማሁ። ይድገሙት በያቸው።»

ቀጭ።

ስልኩን ዘግቶ መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ሲጠርገው ቆየ።

ጥር ላይ ሁለተኛውን ሠራ፤ ለሁለት ጣት የሚበቃ፣ አጠር ያለ። የሚገርመው ሐጂ ራሳቸው ነበሩ የሚያስቸግሩት። «ይሄኛው ቀለለኝ፣ አጠንክረው» ይሉታል፤ ስንት ጊዜ እንደሳቡ በግራ እጃቸው እየጻፉ ያሳዩታል። ሰይፉ በየዓርቡ ካፉሪ መሄድ ልማድ ሆነበት። ዘመናይ የዕረፍት ቀኗን ውላ ስትመለስ ሀፍላው ላይ ይገናኛሉ፤ አብረው ይሄዳሉ። ለእኔ ግን «ምላጩን ልቃኝ ነው» ይለኛል። እኔም «መቃኘቱ አያልቅም?» አልለውም።

ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው የጠመንጃው ምላጭ መሆን ነበረበት፤ ቀጭን፣ እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለ፣ ለአንድ ጣት። መልኩን ያገኘው እንጨቱ ላይ የቀረውን የዝገት ምልክት ለክቶ ነው። ሲገጥመው ግን አልያዘለትም። ያረጀው ጥርስ በእነዚህ ወራት መሳብ ጨርሶ ተበልቷል፤ መዶሻው በተሳበ ቁጥር ይወርዳል። ጥርሱ ራሱ መሞረድ አለበት። ሌላ መንገድ የለም።

ሁለት ሳምንት ብረቱ በብረት ማሰሪያው፣ በሞርሳው ላይ እንደታሰረ ቆየ። መጋቢት አጋማሽ፣ ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ዘመናይ መጥታ ብረቱን እዚያው ታስሮ አገኘችው።

«ሐጂ ይጠይቃሉ» አለች። «ኡስጣው ታመመ ወይ ይላሉ።»

«አልታመምኩም።»

«ታዲያ ምን ሆኑ ጋሼ?»

እኔ ለመሄድ ስነሣ ሰይፉ በእጁ ተቀመጥ አለኝ። ከዚያ የጸጋዬን ነገር ነገራት። አንድም ሳያስቀር፤ ብርድ ልብሱን፣ ጥርሱን፣ የዛፉን ሥር። ዘመናይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«በራሴ ጣት ነው ብሎ ነው የሞተው?» አለች።

«አዎ።»

«እያወቀ?»

«እያወቀ።»

ቀሚሷ ላይ ያለ ክር በጣቷ እየጠቀለለች አሰበች። «እንግዲህ ሰው በዚያች ሰዓት ያለው ነገር ቃሉ ብቻ ነው» አለች። «ያቺን ለእርስዎ ሰጠዎት። እርስዎ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም። እሱ ይህን ቢያይ ደስ የሚለው ይመስልዎታል?»

ሰይፉ ወደ ሞርሳው ዞረ። እሷ በርጩማውን ከሞርሳው አጠገብ አስጠግታ ተቀመጠች። «ያላ፣ ይጀምሩ» አለች፣ እንደ ሱዳኖቹ። «እኔ ከዚህ እያየሁ ነው። በዛ ስልዎት ያቁሙ።»

ስለ ጥርስ መሞረድ የምታውቀው ነገር አልነበረም። እሱ ግን ትንሿን ሞረድ አነሣ። አንድ ጊዜ ገፍቶ ያያል፣ ይነፋል፣ መዶሻውን ስቦ ሰደፉ በሚመታበት በኩል በእንጨት ይመታዋል። አሁንም ይለቃል። እንደገና። ፀሐይ ከቆርቆሮው ጫፍ እስክትወርድ ድረስ እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ሃያ ጊዜ መታው፤ ያዘ። በጣቱ ሳበው፤ ለቀቀ። «ይበቃል» አለ ራሱ።

ሐጂ ባቢከር ሦስተኛውን ምላጭ በአንድ ጣት ሲስቡት ሚያዝያ ገብቶ ነበር፤ የጾማቸው ወር ነው። አሁን ማንኪያ ይይዛሉ፤ የጀለቢያቸውን ቁልፍ ይቆልፋሉ፤ በጠዋት ጋዜጣ ጥግ ላይ ፊርማቸውን ይለማመዳሉ። የፊርማው ምክንያት ጦይባ ነበረች። ከታጨች ሁለት ዓመት አልፏል፤ ሠርጉ የዘገየው በአባቷ ሕመም ነው። ዘመዶች፣ አንድ አጎቷ ይወከልና ይፈርም ብለው ነበር። ሐጂ እምቢ አሉ። «ልጄን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ በአሻራም አይደለም፣ በውክልናም አይደለም» አሉ።

ግንቦት ላይ፣ ዐሥር ከሚሉት የከሰዓት ሰላት በኋላ፣ ካፉሪ መስጊድ ውስጥ የጦይባ ኒካሕ፣ የጋብቻ ውሏ፣ ተፈጸመ። ሰይፉም ተጠርቶ ውጭ ጥላው ሥር ከሌሎች እንግዶች ጋር ተቀምጦ በተከፈተው በር ይመለከት ነበር። ሐጂ የሙሽራውን እጅ በቀኝ እጃቸው ጨበጡ። ከዚያ ብዕሩን ተቀብለው ስማቸውን እስከ አያታቸው ድረስ ጻፉ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ ማንም አላስቸኮላቸውም። ፊርማው ትንሽ ዘንበል ብሏል፤ ግን ይነበባል።

በሠርጉ ማግስት ሐጂ ሰይፉን አስጠሩት። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉት። «ለእኔ አንድ ጣት ሦስት ምላጭ ሠርተሃል። ሦስተኛው ካለቀ በኋላም በየዓርቡ መጥተሃል። ምን ልትሠራ ነው የምትመጣው?»

ሰይፉ ወደ ማዕድ ቤቱ በር ተመለከተ።

«ዘመናይ እዚህ አገር አባት የላትም» አሉ ሐጂ። «ስለዚህ የምትጠይቀው እኔን ነው። ግን ከእኔ በፊት እሷን ጠይቅ፤ እኔን የምታዘኝ እሷ ናት።»

ዘመናይ ማዕድ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሰይፉ ሲገባ ቀይ የከርከዴ መጠጥ ታጠልል ነበር፤ ዞር አላለችም። «ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው» አላት። «ያለኝ አንድ ሱቅ ነው፤ እሱም የኪራይ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«እንዲያው ከተስማማሽ ነው እንጂ።»

«ያን ቅዳሜ በሩን ገፍተው ሲገቡ ነው የተስማማሁት፤ ጋሼ።» ጥቂት ቆይታ፣ «ሰይፉ» ብላ አስተካከለችው።

ኅዳር 2015 ላይ ካርቱም ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ቆረቡ፤ ሚዜው እኔ ነበርኩ። ሐጂ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድረስ በዱላቸው መጥተው ዛፍ ሥር ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። ዘመናይ ቀን ቀን ካፉሪ እየሠራች ማታ ዴም ትመለስ ጀመር። ከግድግዳው ባሻገር ሁለት ድምፅ መስማት ለመድኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጨው ነው የሚከራከሩት።

ሐጂ ባቢከር ጥር ላይ፣ በብርዱ ወቅት፣ ቀትር ላይ ጋደም እንዳሉ አረፉ። ዘመናይ ከጎናቸው ነበረች። ቀኝ እጃቸው እጇን ይዞ እንደነበረ፣ እስከ መጨረሻውም ጠንካራ እንደነበረ ትናገራለች። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በቀዳም ስዑር ጠዋት፣ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሣ። ያን ፋሲካ ጾም የፈታነው ወለል ላይ ተኝተን፣ በውኃና በደረቅ ዳቦ ነው። ጦይባና ባሏ በሰሜን በኩል ወደ ግብፅ ወጡ። እኛ ሦስታችን በዘጠነኛው ቀን በጭነት መኪና ወደ መደኒ፣ ከዚያም ወደ ገዳሪፍ ሄድን። የካፉሪ ቤት ምን እንደሆነ ማናችንም አናውቅም።

እኔ መተማን ተሻግሬ አገሬ ገባሁ። እነሱ ገዳሪፍ ቀሩ፤ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። እሱ ከደጃፉ በሸራ ጥላ ሥር ይሠራል። ጦይባ ካይሮ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ለዘመናይ ሳትደውል የምታልፍ ሳምንት የለችም።

ባለፈው እሑድ እኔም ደወልኩላቸው። ዘመናይ አነሣች። ዝናቡ እንደጀመረ፣ ሰዉ ሁሉ ሸራ ስለሚያሰፋ የተበላሸ የስፌት መኪና ከጠዋት ጀምሮ እንደሚሰለፍ ነገረችኝ። «ሥራ በዝቶበት ምግብ ረስቷል» ብላ ከሰሰችው። ስልኩን እንድትሰጠው ነግሬያት፣ በልቶ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«በልቻለሁ» አለ።

«አልበላም» አለች ከኋላው።